ጡረታ የወጡ አባት ከቤት የሚወጡበት ጉዳይ

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት 34 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። እናቴ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ቀኝ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ሐኪማቸው ‹ይንቀሳቀሱ› ስላሏቸው ከሜሪላንድ ገንዘብ ልኬ ባለበት የሚነዳ የስፖርት ብስክሌት ተገዛላቸው። አሁን ልብስ ይሰጣበታል። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ያንቀላፋሉ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ የላቸውም። ወንድሜ ‹ውጭ ወጥተው ቢራመዱ ይሻላል› ይላል። ከቤት ውጭ መንቀሳቀስ በእርግጥ ከብስክሌቱ የተለየ ጥቅም አለው? ካለውስ እንዴት እናስወጣቸው?»

መልስ፦

ወንድምዎ እውነቱን ነው። ጥያቄዎን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ታየኝ። አባትዎ የስፖርት መሣሪያ አጥተው የተቀመጡ ሰው አይደሉም። ያጡት ከቤት የሚያስወጣቸውን ጉዳይ ነው። በፊዚዮቴራፒ ሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ስሠራ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ከማያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። እንደ አባትዎ ያለ ታሪክ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እሰማለሁ፤ ስለዚህ በአጭሩ መልሼ ማለፍ አልፈለግሁም።

ሥራ ላይ ሳሉ የነበራቸውን አንድ ቀን እስቲ እንቁጠረው። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ዘግተው ደረጃውን ይወርዳሉ። ታክሲ ተራ ድረስ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር ይሄዳሉ። ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብለው ይገባሉ፤ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። መሥሪያ ቤት ሲደርሱ ደግሞ ፋይል ይዘው ከመዝገብ ቤት ወደ ገንዘብ ቤት ይመላለሳሉ። ማታ ያው መንገድ ይደገምና መጨረሻው ላይ አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት አለ። ይህን ሁሉ ስፖርት ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ጡረታ የወጡ ዕለት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆመ። ቀጥሎ ባለቤታቸው አረፉ፤ ለሁለት ሰው የሚገዛው አትክልት፣ አብሮ የሚኬድበት ልቅሶና ሠርግም ቀረ።

በየዕለቱ ሳይታወቅ የሚሠራ እንቅስቃሴ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ጥሩው ምሳሌ ከለንደን አውቶቡሶች የተገኘው ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸረ። ሁለቱም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚውሉትም በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በልብ ሕመም የሚያዙት ትኬት ቆራጮች ከሹፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ ቢያዙም እንኳ ሕመሙ ዘግይቶ የሚመጣና ቀለል ያለ ነበር። የአባትዎን ደረጃ ባሰብሁ ቁጥር እነዚያ ትኬት ቆራጮች ትዝ ይሉኛል። ቤተሰቡ ደረጃውን እንደ እስር ቤት በር ሳያየው አይቀርም፤ ለእኔ ግን ቤታቸው ውስጥ ካለው መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እንዴት ደኅንነቱ ተጠብቆ እንደሚወረድ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ክፉ ነገር አልገዙላቸውም። ለልብ ይጠቅማል፤ የጭን ጡንቻን ያጠነክራል፤ ለታመመ ጉልበትም የተስማማ ነው። ሆኖም ከውጭ የሚገኙ ሦስት ነገሮች ከብስክሌቱ ላይ አይገኙም፤ እነሱም ብርሃን፣ የማይመች መሬትና ሰው ናቸው።

ከብርሃኑ ልጀምር፤ ምክንያቱም የእንቅልፋቸው ችግር ዋና ቁልፍ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ሳሎን ውስጥ ያለው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይበልጥም። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ደጅ ላይ 10,000 ሉክስ ገደማ ይኖራል፤ ጥርት ባለ ቀን ቀትር ላይ ደግሞ እስከ 100,000 ይደርሳል። ዓይናችን ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ ያን ያህል ሆኖ አይታወቀንም። አእምሮ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን ያውቀዋል። ይህ ሰዓት በየዕለቱ የሚሞላው በጠዋት ብርሃን ነው። ጠዋት በቂ ብርሃን ሲያገኝ ቀኑን ቀን፣ ሌሊቱን ሌሊት ብሎ ይለያል፤ ሲመሽ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን በሰዓቱ ይለቃል። አባትዎ መጋረጃው በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ሲያንቀላፉ ስለሚውሉ ሰውነታቸው መቼ እንደነጋ አያውቅም። ቀን የተቆራረሰው እንቅልፍ ደግሞ የሌሊቱን ድርሻ ይበላዋል። የእንቅልፍ ኪኒን ከመፈለጋችሁ በፊት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ደጅ ይዋሉ። ብዙ ሰዎች ላይ ለውጡን አይቻለሁ። በተለይ ለአረጋውያን የእንቅልፍ ኪኒን የመውደቅ አደጋን ስለሚጨምር በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ።

ከብርሃኑ ጋር የሚሄደው ቫይታሚን ዲ ነው። ብዙ አረጋውያን በመስታወት አጠገብ ተቀምጠው «ፀሐይ እየሞቅሁ ነው» ይሉኛል። ሙቀቱ ይደርሳቸዋል፤ ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይህን ቫይታሚን የመሥራት አቅሙ ይቀንሳል፤ ጠቆር ያለ ቆዳም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እናቶቻችን አራስ ልጅ ቅቤ ቀብተው ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ለአጥንት እንደሚበጅ ስለሚያውቁ ነው፤ ለአያትየውም ያው ነው የሚበጀው። ክንዳቸውንና ፊታቸውን ገልጠው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ቢወጡ መልካም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የቀትሩ ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ለዓይን ሞራም ያጋልጣል። ባርኔጣ አይለያቸው። በነገራችን ላይ ይህ እርስዎንም ይመለከታል፤ ሜሪላንድ ውስጥ በክረምት ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ እጅግ ጥቂት ነው። ሐኪምዎ በደም ምርመራ ቢያዩልዎት አይጎዳም።

ሁለተኛው የማይመች መሬት ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በጆሮው የውስጥ ክፍልና ከእግሩ በሚመጣ ስሜት ነው። ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ሦስቱንም አያሠራም፤ አጥንቱም ክብደቱን አይሸከምም። የኮንዶሚኒየሙ ኮብልስቶን ግን እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቁርጭምጭሚትን ጥቂት ያዘነብላል፤ ጡንቻም ያንን ለማረም ይሠራል። በዚህ ዕድሜ ከጉልበት ሕመም ይልቅ የምፈራው መውደቅን ነው፤ የዳሌ አጥንት መሰበር ስንት ብርቱ ሰው አልጋ ላይ እንዳስቀረ አይቻለሁ። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ከማድረጋቸው በተጨማሪ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያክሉ የሚመክረው።

ሦስተኛው ሰው ነው፤ ከሰው ጋር ደግሞ ሐሳብ። ባለቤት የሞተበት ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ሐሳብን እንደ ከብት ያመነዥካል፤ ያንኑ ነገር ያወርዳል፣ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት 38 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቡድን ሣርና ዛፍ ባለበት ቦታ፣ ሌላውን መኪና በበዛበት መንገድ ዳር ለ90 ደቂቃ አስኪዶ ነበር። ዛፍ መካከል የሄዱት ሰዎች እንዲህ ያለው የሐሳብ መብሰልሰል ቀነሰላቸው፤ ከዚያ ጋር የተያያዘው የአእምሮ ክፍል እንቅስቃሴም ዝቅ አለ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ አልጭንበትም። እንግሊዝ ውስጥ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰፊ ጥናት ደግሞ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ቦታ ላይ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውም ስሜታቸውም የተሻለ እንደሆነ እንደሚናገሩ አሳይቷል። በአንድ ቀን ይሁን በየቀኑ ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። እርግጥ ጤነኛ የሆነ ሰው ይበልጥ ስለሚወጣ የቱ ምክንያት የቱ ውጤት እንደሆነ ከዚህ ጥናት ብቻ መለየት አይቻልም። ከታካሚዎቼ ያየሁት ግን ከጥናቱ ጋር ይስማማል።

አንዱን ልንገርዎት። ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጡ የ71 ዓመት ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም። በዚያን ጊዜ ለሁሉም የማድለው በወረቀት የታተመ የእንቅስቃሴ ዝርዝር ነበረኝ፤ ለእሳቸውም ሰጠኋቸው። በወሩ ሲመለሱ ወረቀቱ ልክ እኔ እንዳጠፍሁት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጉልበታቸውም እዚያው ላይ ነው። በዚያ ቀን የሚወስዳቸው ልጅ ስለዘገየ መንገዴም ስለነበር እስከ ሰፈራቸው አብሬያቸው ሄድሁ። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ ስንደርስ ንግግራቸውን አቋርጠው ቆሙ። የአጥሩን ቋሚ እንጨት በግራ እጃቸው ያዙና ቀስ ብለው ወደ ታች ወረዱ። እኔ ቢሮ ውስጥ አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ ለምኜ ለምኜ ያላጠፍሁት ጉልበት ፊቴ ላይ ታጠፈ። ከጤና አዳሙ አንዲት ቅጠል ቀንጥሰው በሁለት ጣታቸው ጨፈለቁ፤ አሸተቱ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «እናቴ ቡና ላይ የምታደርገው ይኼን ነበር» አሉኝ።

ወረቀቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኩት። በየሳምንቱ አንድ ችግኝ እንዲገዙ፣ ራሳቸው ተሸክመው እንዲወስዱ፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው እንዲተክሉና በሁለት ሊትር ጀሪካን ውኃ እንዲያጠጡ ተነጋገርን። በሦስተኛው ወር ጉልበታቸውን ስለካው 110 ዲግሪ ደርሷል። ከዚያ በላይ ደስ ያለኝ ግን የጎረቤት ሴቶች ለቡና ጤና አዳም ከእሳቸው ደጅ መቁረጥ መጀመራቸውን ሲነግሩኝ የነበረው ድምፃቸው ነው።

ስለዚህ «አባባ፣ ይውጡና ይራመዱ» አትበሏቸው። የእሳቸው ዕድሜ ሰው ያለ ጉዳይ ሰፈር ውስጥ ሲዞር መታየት ይከብደዋል። 34 ዓመት ሙሉ የሚጠበቅ ሰው የነበረ አባት ሥራ ፈት መምሰልን እንደ ውርደት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ጉዳይ ይስጧቸው። አባትዎ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ የትኛው ዕድር ነው ጥሩ ሒሳብ ያዥ የማይፈልገው? ወንድምዎ የሰፈሩን የዕድር ዳኛ በጎን ያነጋግራቸው፤ ጥያቄው ከዕድሩ ይምጣ እንጂ ከልጆቻቸው አይምጣ። መዋጮ ለመሰብሰብ በየብሎኩ መዞር፣ ባንክ ገቢ ማድረግ፣ ልቅሶ ቤት ድንኳኑ መተከሉን ማየት፣ እነዚህ ሁሉ እግር ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ይህ ባይሆን የጠዋት ዳቦ የእሳቸው ኃላፊነት ይሁን። ወይም የጎረቤት ሕፃን ከትምህርት ቤት የሚመልስ ሰው ከተቸገረች እናት ጋር ይነጋገሩ። ለሕፃኑም ይበጀዋል፤ በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ደጅ የዋሉ ተማሪዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ሩቅ ያለማየት ችግር የያዛቸው ከ100 30 ገደማ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ግን 40 ያህሉ እንደተያዙ አሳይቷል።

አሁን ማንም የማያነሳውን ላንሳ። አባቶች ከቤት የማይወጡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ሽንት ነው። ከደም ግፊት መድኃኒቶች መካከል የሚያሸኑ አሉ፤ በዚህ ዕድሜ የፕሮስቴት ዕጢም ያድጋል። መንገድ ላይ መጸዳጃ እንደልብ አይገኝም። አንድ ቀን መንገድ ላይ የተቸገረ ሰው ሁለተኛ አይወጣም፤ ለምን እንደቀረም ለልጆቹ አይናገርም፤ «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ ያልፈዋል። ለእርስዎ ለሴት ልጃቸው አይነግሩዎት ይሆናል፤ ወንድምዎ ለብቻቸው በአክብሮት ይጠይቃቸው። ችግሩ ይህ ከሆነ መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት መለወጥ ይቻል እንደሆነ ያዘዘላቸውን ሐኪም ይጠይቁ፤ ራሳችሁ ግን አትለውጡት፤ አታቋርጡትም። የሚሄዱበት መንገድ ላይም መጸዳጃ ያለበትን ካፌ ወይም የሚያውቁትን ሰው ቤት አስቀድሞ ማወቅ ብቻውን ብዙ ፍርሃት ያስቀራል።

ደረጃውን በተመለከተ አንድ ሕግ ያስተምሯቸው፤ ሲወጡ ደኅናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። የእሳቸው ቀኝ ጉልበት ስለሆነ ሲወጡ ግራቸውን፣ ሲወርዱ ቀኛቸውን ያስቀድማሉ ማለት ነው። አንድ እጅ ሁልጊዜ ከመደገፊያው ብረት አይለይ። መጀመሪያ ላይ በየፎቁ ቆም ብለው ይተንፍሱ፤ አስፈላጊ ከሆነ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤት አስፈቅዳችሁ አንዲት በርጩማ አስቀምጡ። ከዘራ ቢይዙ ደግሞ በግራ እጅ ነው፤ በታመመው ጉልበት ተቃራኒ። መንገድ ላይ ከማያቸው ከዘራ ያዦች አብዛኞቹ በሕመሙ በኩል ይዘውት ይሄዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን ጉልበቱ አያርፍም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ወንድምዎ ሁለትና ሦስት ቀን አብሯቸው ይሂድ፤ ከዚያ ይተዋቸው። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይጨመር። ልኩ እየሄዱ ማውራት መቻላቸው ነው፤ ማውራት ካቃታቸው ፈጥነዋል ማለት ነው። ገና ሲነጋጋ መውጣትን አልመክርም፤ ውሾችም አሉ፣ ጨለማው ውስጥ የተከፈተ የቦይ ክዳንም አይታይም። ከዋናው አስፋልት ዳር ይልቅ ጭስ የሌለበትን የውስጥ መንገድ ይምረጡ። ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ ሲሄዱ ደረታቸውን የሚጨምቃቸው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥራቸው ከሆነ፣ አለዚያም የባታቸው ጡንቻ እየታሰረ የሚያስቆማቸው ከሆነ ጉዞው ይቁምና ሐኪም ይያቸው። የጉልበቱ ሕመም ከሄዱ በኋላ ጥቂት ቢነሳ አያስደንግጣችሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ካልተሻለው ወይም ካበጠ ግን በዝተዋል ማለት ነውና ይቀነስ።

ወሩ ሲሞላ ሰፋ ያለ ነገር ይሞከር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው «መንገድ ለሰው» መኪና በተዘጋባቸው አስፋልቶች ላይ እንደ አባትዎ ያሉ ሰዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ አይቼ በጣም ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲኖር አያምልጣቸው። እንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለእግር ጉዞ የተመቹ መንገዶች አሉት። ቦታው ከከተማው መካከል በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሄደው ብዙ ይቀመጡ። ባሕር ዛፍ የሸተተው ነፋስ ብቻውን ጨዋታ ያመጣል፤ ስለ እናትዎ የሚያወሩትም ምናልባት እዚያ ይሆናል። ያን ቀን ወንድምዎ አይቸኩል።

እርስዎ ከሩቅ ሆነው ማድረግ የሚችሉት አለ። ስልክ ሲደውሉ «መድኃኒት ወሰዱ? ተራመዱ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ማንን አገኙ? ዳቦ ስንት ገባ? ዕድሩ ምን ላይ ደረሰ?» ብለው ይጠይቋቸው። የሚነግሩዎት እንዲኖራቸው ሲሉም ይወጣሉ። በቪዲዮ ከደወሉ ደግሞ ደጅ ባሉበት ሰዓት ይሁን፤ ወጨጫ ተራራ ዛሬ ጥርት ብሎ ይታይ እንደሆነ ይጠይቋቸውና ያሳዩዎት።

ብስክሌቱን አይሽጡት። ሐምሌና ነሐሴ ደረጃውም ኮብልስቶኑም ይረጥባል፤ ያን ጊዜ ልብሱን አንሥታችሁ ወደ በረንዳው በር አስጠጉት፤ በሩን ክፈቱት፤ ዝናቡን እያዩ አሥራ አምስት ደቂቃ ይንዱት። ከዘራ ለመላክ አስበው ከሆነ ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት ወንድምዎ ይለካቸው፤ የሚሄዱበትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙ እጃቸው ዘና ብሎ ወርዶ፣ መያዣው ከእጅ አንጓቸው መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት።